ያልቆጠርኳቸው ሦስት ቀኖች

ጡረታ ከወጣሁ ሁለተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ሰውነቴ ግን ገና አልሰማም። ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ሲል ቀኝ እጄ ብቻውን ይነቃል። አውራ ጣቴ የሌለ ክዳን ይጠመዝዛል፣ ዓይኔ ወደ ግድግዳው ዞሮ የሌለ መደርደሪያ ይፈልጋል። መስኮት አጠገብ ተቀምጬ አውቶቡሶቹ በዝናብ ውስጥ ሲያልፉ ሳይ፣ ከላይኛው ፎቅ የሚመለከቱኝ ፊቶች ሁሉ የማውቃቸው ይመስሉኛል። አንዳንዶቹን በእርግጥ ሳላውቃቸው አልቀርም። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ለንደን ውስጥ ፋርማሲ ቆሜ፣ ከሄሮይን ለመላቀቅ ለሚታገሉ ሰዎች መድኃኒት ስለካና ሳጠጣ ኖሬአለሁ።

አስናቀች እባላለሁ። አዲስ አበባ ሳለሁ ሆስፒታል ውስጥ መድኃኒት ክፍል ሠርቼ ነበር። እዚህ ስመጣ ወረቀቴን የሚቀበለኝ አላገኘሁም። ቢሮ አጸዳሁ፣ ማታ ማታ ተማርኩ፣ በመጨረሻ ባተርሲ ውስጥ አንድ ትንሽ ፋርማሲ በረዳትነት ቀጠረኝ። የቀጠሩኝ ፋርማሲስቱ ጋሽ በራኺ ነበሩ።

ጋሽ በራኺ የከረን ሰው ናቸው፣ ካቶሊክ። በንጉሡ ጊዜ አሥመራ በአማርኛ ስለተማሩ አማርኛቸው ከኔ የጠራ ነበር። እኔ «ቼክ አድርጌዋለሁ» ስል እሳቸው «መርምሬዋለሁ በዪ» ይሉኝ ነበር። ቀጭን፣ ረጅም፣ ጫማቸው ሁልጊዜ የተወለወለ ሰው። ሥራ የጀመርኩ ቀን ወደ ጓዳ ወሰዱኝና ባለቁልፉን የብረት ሣጥን ከፍተው አረንጓዴውን ፈሳሽ አሳዩኝ።

«ይሄ ሜታዶን ነው» አሉኝ። «ሄሮይን የለመደ ሰውነት ሄሮይን ሲያጣ ይሰቃያል። ይሄ ስቃዩን ያስታግስለታል። ሰውየው በየቀኑ እዚህ መጥቶ ፊታችን ይጠጣል። በልክ ከጠጣ ያኖረዋል። ከልክ ካለፈ እስትንፋሱን ያቆመዋል። ልኩ ያለው ደግሞ አንቺ እጅ ላይ ነው።»

ከዚያ መለኪያውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ፈሳሹን ቀዱና፣ በዚያ በተወለወለ ጫማቸው መሬት ላይ ተንበረከኩ። ደንግጬ የወደቁ መስሎኝ ነበር። ዓይናቸውን ከመለኪያው መስመር ጋር አስተካክለው ዝም ብለው አዩ። ፈሳሽ ጠርዙ ላይ ወደ ላይ ይሳባል፣ መሃሉ ጎድጎድ ይላል፤ የሚነበበው የጎድጓዳው ታች ነው።

«መለኪያውን ወደ ዓይንሽ አታንሺው፣ ይናወጣል» አሉኝ። «ዓይንሽን ወደ መለኪያው አውርጂ።»

ሃያ ሁለት ዓመት ተንበረከክሁ። ዛሬ ጉልበቴን የሚያመኝም በዚያው ነው።

አራት ዓመት ባተርሲ ከሠራን በኋላ የፋርማሲው ባለቤት ብሪክስተን ሌላ ሱቅ ስለከፈተ ሁለታችንም ወደዚያ ተዛወርን። ባተርሲ አምስት ስድስት ሰው ነበር የሚመጣልን። ብሪክስተን ግን በር ሳይከፈት ይሰለፉ ነበር። ባቡር ጣቢያው ጎን፣ ገበያው ገና ዓሣና ሙዝ እየዘረጋ ሳለ፣ አንገታቸውን ኮታቸው ውስጥ ቀብረው ይጠብቁናል። ከሩቅ ሲያዩዋቸው አንድ ዓይነት ሰው ይመስላሉ። ቀርበው ሲያዩዋቸው መምህር የነበረ አለ፣ ኦፔራ የምትዘፍን የነበረች አለች፣ ወድቆ ወገቡ ተጎድቶ የሕመም ማስታገሻ ሲወስድ ሲወስድ እዚያ የደረሰ ግንበኛ አለ። ከሁሉም ዓይነት ሕዝብ ነበሩ። በማኅበራችን ስብሰባ ላይ «የኛ ልጆች እንዲህ ዓይነት ነገር አያውቁም» ሲባል እሰማና አንገቴን አቀረቅር ነበር። መዝገቡ ላይ ያሉትን ስሞች አውቃቸዋለሁ። ኪዳኔም፣ ሰላማዊትም፣ ዮናስም ነበሩበት። እነዚህም እውነተኛ ስሞቻቸው አይደሉም።

ጋሽ በራኺ «ቀጣይ!» ብለው ጠርተው አያውቁም። ሁሉንም በአባቱ ስም አቶ፣ ወይዘሮ ብለው ይጠራሉ። ጥግ ላይ መጋረጃ ሰቅለው ነበር፤ ሌላው ገዢ ሳል ሽሮፕ ሲገዛ የሚጠጣውን ሰው እንዳያይ። ጽዋውን የሚያቀርቡት ነጭ ናፕኪን ላይ አድርገው ነው። ሰውየው ከጠጣ በኋላ ውሃ ይሰጡታል፣ ከዚያ ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ይጠይቃሉ።

«ሌሊት ምን ሕልም አዩ?»

መጀመሪያ ቀልድ መስሎኝ ነበር። ሲነግሩኝ ግን ገባኝ። አንዳንዱ መድኃኒቱን አፉ ውስጥ ይዞ ወጥቶ ይሸጠዋል። «አመሰግናለሁ» ማለት በሙሉ አፍም ይቻላል። «ሕልም ግን መድኃኒት ይዞ አይነገርም» አሉኝ።

እንዲህ ሆኖ የብሪክስተንን ሕልም ስሰማ ኖርኩ። አንዷ ቴምዝ ወንዝ ደርቆ በእግሯ ስትሻገር፣ አሸዋው ላይ የሞላውን ማንኪያ እየለቀመች በጉያዋ ስትይዝ አድራለች። አንዱ ጥርሶቹ የቤት ቁልፎች ሆነው፣ አንድ በር ፊት ቆሞ አንድ በአንድ እየነቀለ ይሞክራል። ግንበኛው ሁልጊዜ አንድ ቤት ያያል፣ ጣሪያው በረዶ፣ ውስጡ ግን ሞቃት። ጠዋት ጠዋት ከነዚህ ሕልሞች መሃል ወጥቼ ምሳ ለመብላት ገበያው ውስጥ ስሄድ መንገዱ ራሱ ያልነቃ ይመስለኝ ነበር።

ኤፍሬም ግን አያልምም ነበር።

ኤፍሬም ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ የመጣ ነው። ታስሮ ነበር፤ እስር ቤት ምን እንዳደረጉት ተናግሮ አያውቅም፣ ትከሻው ግን አንዱ ከአንዱ ዝቅ ይላል። እዚህ ጥገኝነት ጠይቆ ሲጠብቅ፣ የመጠለያው ጎረቤቱ እንቅልፍ ላጣ ሰው «ይሄ ያስተኛል» ብሎ ሰጠው። እንደተባለውም አስተኛው። ከዚያ በኋላ ያለሱ መተኛት አልቻለም። እኛ ጋ ሲመጣ ሠላሳ ስምንት ዓመቱ ነበር። ማዘዣው ላይ ስሙን ከነአያቱ ሳነብ የማን አገር ሰው እንደሆነ አወቅሁ፤ እሱም ፊቴን አይቶ አወቀ። ግን በእንግሊዝኛ አናገረኝ፣ በእንግሊዝኛ መለስኩለት። አንድ ዓመት ሙሉ እንዲሁ ተጫወትን። ጋሽ በራኺ ሕልም ሲጠይቁት «አላልምም» ብሎ ይወጣል።

አንድ ቀን ግን ጠርሙስ ከእጄ አምልጦ ወደቀና «ውይ በስመአብ!» ብዬ ጮኽሁ።

«አይዞሽ!» አለ ኤፍሬም ሳያስበው። ወዲያው ደነገጠ። ዕድሜዬን አይቶ አስተካከለው፦ «አይዞዎት።»

ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ ቀን ጀምሮ በአማርኛ ሆነ።

ጥቂት ወራት ቆይቶ አንድ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሁልጊዜ አጠገቤ የምትቆም ሮማን የምትባል ሴት እጄን ያዘችኝ። ዋይት ሲቲ ሰፈር፣ የማዘጋጃ ቤት ኪራይ ቤት ውስጥ የምትኖር፣ የሕፃናት ማቆያ ውስጥ የምትሠራ ጨዋ ሴት ናት። ስልኳን አወጣች።

«እትዬ አስናቀች፣ እርስዎ ብዙ ሰው ያያሉ። ወንድሜ ነው። ሦስት ዓመት ጠፍቶብኛል። በሕይወት ይኑር አይኑር አላውቅም። እባክዎ ካዩት...»

ፎቶው ላይ ያለው ሰው ወፈር ያለ፣ ሳቂታ፣ ትከሻው ቀጥ ያለ ነው። ኤፍሬም ነበር። በዋዜማው ቅዳሜ ጠዋት ስልሳ ሚሊ ለክቼ አጠጥቼዋለሁ።

የሥራችን ሕግ ግልጽ ነው፤ ማን እንደሚመጣ ለማንም አይነገርም፣ ለእናትም ለእህትም። «እግዜር ያገናኛችሁ» አልኳት። አድራሻዋን በወረቀት ጽፋ ቦርሳዬ ውስጥ አስገባችልኝ።

ሰኞ ለጋሽ በራኺ ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ረጅም ጊዜ ጠረጉት።

«የእሱን ለእሷ መንገር አትችዪም» አሉኝ። «የእሷን ለእሱ እንዳትነግሪ ግን ማን ከለከለሽ?»

ነገርኩት። ኤፍሬም ባዶውን ጽዋ ይዞ ቆመ።

«ካገኘችዎት አላየሁትም ይበሏት።»

«አላየሁትም አልላትም። ዝም ግን እላለሁ።»

«በዚህ መልኬ እንድታየኝ አልፈልግም» አለና ወጣ።

ከዚያ ሁለት ዓመት አለፈ። ሁለት ዓመት ሙሉ በየእሑዱ ሮማን ጎኔ ቆማ ለጠፋ ወንድሟ ስትጸልይ እሰማለሁ፤ በየሰኞው ኤፍሬም ፊቴ ቆሞ ይጠጣል። በሁለቱ መሃል እኔ አለሁ። አንዳንዴ ቅዳሴ ላይ ቆሜ ዕጣኑ ውስጥ የመድኃኒቱ ጣፋጭ ሽታ ይመጣብኝ ነበር። ኤፍሬም አንዳንዴ፣ ሳያየኝ፣ «እሑድ እንዴት ነበር?» ይላል። «ደህና ነበር፣ ደህና ናት» እለዋለሁ። ይኸው ነው።

አንድ ሐሙስ ከሥራ በኋላ ለምሕላ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ሮማን ጥቁር ለብሳ ደጁ ላይ አገኘኋት። እናታቸው አዲስ አበባ አርፈዋል። «እሱ አልሰማም» ብላ ደረቴ ላይ ተደፋች። «እናቱን ሳይቀብር፣ ሳያለቅስ፣ የት ወድቆ ይሆን?»

በማግስቱ ዓርብ ነው። ጋሽ በራኺ ዓይናቸውን ቀዶ ሕክምና አድርገው ቤታቸው ተኝተው ነበር፤ አንድ የማላውቀው ተተኪ ፋርማሲስት መጥቶልናል። የሚቀጥለው ሰኞ ባንክ ሆሊዴይ፣ የሕዝብ በዓል፣ ስለሆነ ለእያንዳንዱ ሰው በሱቁ ካርድ ላይ ማስታወሻ እጽፋለሁ። ለኤፍሬም በአማርኛ ጻፍኩለት፦ «ቅዳሜ የሦስት ቀን ትወስዳለህ። ሰኞ ዝግ ነን።» የቅዳሜውን እዚያው ይጠጣል፣ የእሑድንና የሰኞን በጠርሙስ ይዞ ይሄዳል ማለት ነው።

ካርዱን ስሰጠው «እህቴ ደህና ናት?» አለኝ።

ደህና ናት ብዬ ማለፍ ነበረብኝ። መርዶ በወግ ነው የሚነገረው፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ በጠዋት፣ ሰው ሰውን ደግፎ። ፋርማሲ ባንኮኒ ላይ አይነገርም። ግን ሐሙስ ደረቴ ላይ ያፈሰሰችው እንባ ልብሴ ላይ ገና ያለ መሰለኝ።

«ደህና ናት» አልኩ። «ጥቁር ለብሳለች።»

ፊቱ ላይ የነበረው ነገር ሁሉ ቀስ ብሎ ወረደ።

«ማን ሞቶ ነው?»

ካርዱን መልሼ ወሰድኩና ጀርባው ላይ የሮማንን አድራሻ ጻፍኩበት። «ሂድና እሷን ጠይቃት» አልኩት። ካርዱን ኪሱ ከቶ እንደታወረ ሰው በሩን በእጁ እየፈለገ ወጣ።

ቅዳሜ አልመጣም። በሩ በተከፈተ ቁጥር ቀና እያልኩ ዋልኩ። እሑድ ሮማን ቤተ ክርስቲያን አልመጣችም፤ ለቅሶ ላይ ናት። ሰኞ ዝግ ነበርን። ሦስቱንም ሌሊት እንቅልፍ አልነበረኝም፣ ወይም ነበረኝ፣ የመንገዱ መብራት መጋረጃው ላይ አረንጓዴ ሆኖ ይታየኝ ነበር።

ማክሰኞ ጠዋት በሩን ስከፍት ኤፍሬም ቆሟል። እግዚአብሔር ይመስገን አልኩ፣ ጮክ ብዬ። ዓይኑ ቀልቷል። ያለቀሰ መሰለኝ። ማስቲካ ያኝካል፣ የሚንት ሽታ አለው። «ልቅሶ ልሄድ ነው» አለኝ፣ «ቶሎ ይስጡኝ።»

መዝገቡን ገለጥኩ። ቅዳሜ፦ አልመጣም። እሑድ፦ ዝግ። ሰኞ፦ ዝግ። የቀረበት አንድ ቀን ብቻ ነው አልኩ በልቤ።

አንድ ቀን አልነበረም። ቅዳሜ ያልወሰደው የሦስት ቀን ነው፤ በእጄ ጽፌለት ነበር። ሦስት ቀን ያልጠጣ ሰው ሙሉው አይሰጠውም። ሰውነት ይረሳል። ትናንት ያኖረው ልክ ዛሬ ሊገድለው ይችላል። ማዘዣውን ለጻፈው ክሊኒክ ይደወላል፣ በትንሽ ይጀመራል። ይህን የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ጋሽ በራኺ አስተምረውኛል፣ እኔም ለስንቱ አስተምሬአለሁ።

ተንበረከክሁ። ስልሳ ሚሊ ለካሁ። መስመሩ ላይ ልክ ነበር፣ ጠብታ አላለፈም። ተተኪው ፋርማሲስት «የቀረበት ቀን አለ?» አለኝ። «አንድ» አልኩት። ፈረመ። ኤፍሬም ጠጣ፣ ውሃ ጠጣ፣ «አመሰግናለሁ» ብሎ ሄደ። ሕልም የሚጠይቀው ሰው አልነበረም።

ከሰዓት በኋላ ስልክ ጮኸ። የምዕራብ ለንደን ሆስፒታል ነርስ ናት። አንድ ሰው በአውቶቡስ ፎቅ ላይ መጨረሻው ፌርማታ ድረስ ተኝቶ ሄዶ፣ ሾፌሩ ሊቀሰቅሰው ቢል ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኖ አገኘው። ኪሱ ውስጥ የናንተ ካርድ አለ፣ መቼ ምን ያህል ሰጣችሁት? አለችኝ። መዝገቡን እያየሁ ስነግራት ጣቴ ቅዳሜ ላይ ቆመ፣ ወደ እሑድ ሄደ፣ ወደ ሰኞ ሄደ። ያን ጊዜ ቆጠርኩ።

ተተኪው ፋርማሲስት ፊቱ ነጭ ሆነ። «መዝገቡ የሚያሳየው አንድ ያልመጣበት ቀን ነው» አለኝ ቀስ ብሎ። «ማንም ቢያይ እንደዚያ ነው የሚያነበው።» ምን እያለኝ እንደሆነ ገባኝ። እውነት ለመናገር ለጥቂት ደቂቃ ደስ አለኝ። ከዚያ ለጋሽ በራኺ ደወልኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው፣ መርዶውንም።

«ሰውየው ይተነፍሳል?»

«ይተነፍሳል። ማንቂያ መድኃኒት ሰጥተውታል። ግን አልነቃም።»

«የስህተት መዝገቡን አውጪ። አሁን ጻፊው። በራስሽ እጅ፣ ምን እንዳየሽና ምን እንዳልቆጠርሽ። ነገ ላይ ሆነሽ ስትጽፊው ለራስሽ ታዳያለሽ።»

ጻፍኩት። ከዚያ ካፖርቴን ለብሼ ሁለት አውቶቡስ ቀይሬ ሆስፒታል ሄድኩ። ኮሪደሩ ላይ ሮማን ጥቁር ሻሽ አስራ ቆማለች። እጇ ላይ ካርዱ አለ። ነርሶቹ አድራሻዋን ያገኙት ከጀርባው ነው።

«ይህ የእርስዎ ጽሑፍ ነው» አለችኝ። ጥያቄ አልነበረም። የሰንበቴውን የስም ዝርዝር የምጽፍላቸው እኔ ነኝ፣ እጄን ታውቀዋለች።

«የኔ ነው።»

«ከመቼ ጀምሮ ያውቁታል?»

«ሦስት ዓመት።»

«ፎቶ ባሳየሁዎት ቀን ያውቁት ነበር?»

«አውቀው ነበር።»

«በየእሑዱ ጎኔ ቆመው እያስቀደሱ፣ ሳለቅስ እንባዬን እየጠረጉ...»

«ሕጉ ነው፣ ሮማን። ግን ሌላም አለ። ዛሬ እንዲህ የሆነው በኔ ስህተት ነው። ሊሰጠው የማይገባውን ሰጥቼዋለሁ።»

የኮሪደሩ መብራት ፊቷ ላይ ምንም ጥላ አልነበረውም።

«ይሂዱልኝ» አለች። «እባክዎ ይሂዱልኝ።»

ኤፍሬም በሦስተኛው ቀን ነቃ። አውቶቡሱ ወንበር ላይ እግሩ ታጥፎበት ለብዙ ሰዓት ስለተኛ የግራ እግሩ ነርቭ ተጎድቶ ቀረ፤ ከዚያ ወዲህ በከዘራ ነው የሚሄደው። እኔ ምርመራ ተደረገብኝ፣ ማስጠንቀቂያ ተጻፈብኝ፣ እንደገና ሥልጠና ገባሁ። ጋሽ በራኺ አንድ ዓይናቸው ተሸፍኖ በአደጋው ማግስት በአውቶቡስ መጥተው ነበር። አልተቆጡኝም። መዝገቡን ከፍተው አዲስ መስመር አሰመሩ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ የምንጽፈው ሰውየው የቀረበትን ቀን ሳይሆን ያልጠጣውን ጽዋ ሆነ። «ባዝንለት ኖሮ ባልተሳሳትኩ» አልኳቸው እያለቀስሁ። «አዝነሽለት ነው የተሳሳትሽው» አሉኝ። «ኀዘኑን አትተዪው። ከቆጠርሽ በኋላ እዘኚ።»

ከሁለት ወር በኋላ ኤፍሬም ማዘዣውን ወደ ዋይት ሲቲ ለማዛወር ብሪክስተን መጣ። እህቱ ቤት ገብቷል። ከመጋረጃው ኋላ ወሰድኩትና ይቅርታ ጠየቅሁት። በሥራ ዘመኔ ከሁሉ የከበደኝ ነገር ቢኖር ያን ዓረፍተ ነገር መጨረስ ነበር።

ከዘራውን ግድግዳው ላይ አስደገፈ።

«ቆጥሬው ነበር» አለኝ።

«ምን?»

«ሦስት ቀን መሆኑን። ካርድዎ ኪሴ ነበር። ሦስቱን ቀን አረቄ ስጠጣ ነው የከረምኩት፤ ማስቲካውም እንዳይሸትዎት ነው። ሲንበረከኩ አየሁዎት። እንዳልቆጠሩ አወቅሁ። ልነግርዎት እችል ነበር።»

«ለምን ዝም አልክ?»

«ልሞት ፈልጌ አይመስለኝም። ብቻ ሮማን በር ሳልደርስ ትንሽ ልተኛ አልኩ። እናቴን ሳላስብ።» ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ። «ይህን የምነግርዎት ጥፋቱ የርስዎ ብቻ እንዳይመስልዎት ነው።»

ግማሹን ጥፋት ተሸክሞልኝ ሄደ። ግማሹ ግን እስካሁን እኔ ጋ ነው፣ እንዲወሰድብኝም አልፈልግም።

ጋሽ በራኺ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጡረታ ወጡ፣ ብዙም ሳይቆዩ አረፉ። እኔም የመጨረሻ ስድስት ዓመቴን የፋርማሲው ባለቤት ዋይት ሲቲ በከፈተው ሌላ ሱቅ አሳለፍኩ። ትልቁ የገበያ አዳራሽ አጠገብ ነው። ሰው ሁሉ የዕቃ ከረጢት ይዞ ሲያልፍ፣ በመሃላቸው የኛዎቹ ቀስ ብለው ይገባሉ። መጀመሪያ በሠራሁ ጠዋት ሰልፉ ውስጥ ከዘራ አየሁ።

ኤፍሬም ሠላሳ አምስት ሚሊ ላይ ነበር። ከዚያ በታች ሲወርድ እንቅልፉ ይሸሻል፣ ስለዚህ እዚያው ቆየ። ብዙ ሰው ዜሮ ካልደረሰ አልዳነም ይላል። እኔ የማየው ሌላ ነው፤ ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ይሠራል፣ ሰዓቱን ያከብራል፣ ትከሻው ሞልቷል። አንድ ጠዋት ጠጥቶ ውሃውን ከጨረሰ በኋላ፣ ሳልጠይቀው፣ «ሌሊት እናቴን አየኋት» አለኝ። «ገላዋን ታጥባ ፀሐይ ላይ ፀጉሯን ታደርቅ ነበር። ምንም አላለችኝም። ብቻ ፈቀቅ ብላ ቦታ ለቀቀችልኝ።» እንደዚያ ብሎ ወደ ሥራው ሄደ፣ እኔ ያን ቀን ሙሉ ፀሐይ ላይ ዋልኩ።

ሮማን ሁልጊዜ አብራው ትመጣለች። ግን አትገባም። ከመንገዱ ማዶ አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ቆማ እስኪወጣ ትጠብቃለች። በመስታወቱ ውስጥ እንተያያለን። እጅ አንሥቼ አውቃለሁ፤ አንሥታልኝ አታውቅም። ቤተ ክርስቲያንም ቦታዋን ቀይራ ከኋላ መቆም ጀምራ ነበር። አልፈረድኩባትም። ወንድሟን የሰጣት ካርድ የኔ ጽሑፍ ነበረበት፣ ሊነጥቃት የነበረውም ጽዋ የኔ ነበር። ሁለቱን ለይቶ ይቅር ማለት ቀላል አይደለም።

ጡረታ ልወጣ አራት ቀን ሲቀረኝ፣ ረፋዱ ላይ፣ ሰልፉ ካለቀ በኋላ በሩ ተከፈተ። ሮማን ናት፣ ብቻዋን።

«ኤፍሬም ምን ሆነ?»

«ምንም አልሆነም። ሥራ ገብቷል።» ባንኮኒው ጋ ደርሳ ቆመች። ጣቷን ጠርዙ ላይ አስኬደች፣ ወንድሟ በየቀኑ የሚደገፍበትን ቦታ የምትፈልግ መሰለኝ። «እትዬ አስናቀች» አለች። በዚያ ስም ከጠራችኝ ስንት ዓመቷ ነው! «የኛ ሕንፃ ውስጥ አንዲት የኛ አገር ሴትዮ አሉ። ልጃቸውን... ኪኒን ነው፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ። ለማንም አልተናገሩም። እኔ ትናንት ሊፍት ውስጥ ሲያለቅሱ አግኝቼ የኤፍሬምን ነገርኳቸው።»

«አንቺ ነገርሻቸው?»

«ኤፍሬምን አስፈቅጄ ነው።» ዓይኗን ወደ መስታወቱ አዞረች። «እዚያ ፌርማታው ላይ ናቸው። እንግባ ብላቸው እንቢ አሉ፣ ሰው ያየኛል ይላሉ። እርስዎ ይውጡላቸዋል?»

ፋርማሲስቷን ለአምስት ደቂቃ አስፈቀድኩ። ወደ በሩ ስራመድ ሮማን ክንዴን ያዘችኝ።

«ነጩን ካፖርት ያውልቁት። ካዩት ይሸሻሉ።»

አወለቅሁትና ተቀብላኝ ክንዷ ላይ አጠፈችው። መንገዱን አብረን ተሻገርን። ደመናው ዝቅ ብሎ ሕንፃዎቹ ግማሽ ድረስ ብቻ ይታዩ ነበር። ሴትዮዋ በኔ ዕድሜ ናቸው፤ የሥራ ጫማ ተጫምተዋል፣ ቦርሳቸውን በሁለት እጅ አቅፈዋል። ሰላም ስላቸው አንገታቸውን ብቻ ነቀነቁ። ሮማን ለሁለታችን ቦታ ለቅቃ ጥቂት ራቅ ብላ ቆመች።

አጠገባቸው ተቀመጥኩ። አንድ አውቶቡስ መጣ፣ ሰው አወረደ፣ ሄደ።

«የልጄን ስም መናገር አለብኝ?» አሉኝ በመጨረሻ።

«የለብዎትም» አልኳቸው።

ሌላ አውቶቡስ መጣና ሄደ። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ እንደሚያባብሉት ሕፃን አቆላምጠው፣ ስሟን ነገሩኝ። እዚህ አልጽፈውም።